1965 ወይስ 1973? የተደገሙ የካታሎግ መዝገቦች ሲጸዱ የኅትመት ዓመት የሚያመጣው ጣጣ

ለምሳሌ ሦስት የቤተ መጻሕፍት መዝገቦችን እንያዝ። ርዕሳቸው አንድ ነው፣ ደራሲውም አንድ። ሦስቱም «አዲስ አበባ» ይላሉ፤ ገጹም እኩል 312 ነው። የመጀመሪያው የኅትመት ዓመቱን 1965 ይላል። ሁለተኛው 1973። ሦስተኛው ደግሞ «1965 [1972 ወይም 1973]» ብሎ ሁሉንም ጠቅልሎ ይዟል። የተደገመ መዝገብ የሚለቅመው ፕሮግራም ዓመቶቹን ያያል፣ አይገጥሙም፣ «ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት ናቸው» ብሎ ያልፋል። የእኛን አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። አንድ መጽሐፍ ነው። አንዱ ካታሎገር (መጻሕፍት የሚመዘግብ ባለሙያ) የርዕስ ገጹ ላይ ያየውን እንዳለ ጻፈ፣ ሌላው ወደ ፈረንጅ ቀይሮ ጻፈ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አስቀመጠ።

ተቃራኒውም አለ፣ የባሰውም እሱ ነው። ሁለት መዝገቦች ሁለቱም 1965 ይላሉ። አንዱ በእኛ ነው። ሌላው በፈረንጅ ነው፣ ማለትም በእኛ 1957 ወይም 1958 የታተመ ነው። ቁጥሩ ስለገጠመ ፕሮግራሙ ያለ ምንም ጥርጣሬ ያዋህዳቸዋል። የመጀመሪያው እትምና ከዓመታት በኋላ ተሻሽሎ የወጣው እትም አንድ መዝገብ ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን እትም የሚፈልግ ተመራማሪ መኖሩን እንኳን አያውቅም።

ዓመት ቁጥር ስለሆነ ለማመሳከር ቀላል ይመስላል። ርዕስ ፊደሉ ይለያያል፣ የደራሲ ስም በላቲን ሲጻፍ በስንት ዓይነት ይጻፋል፣ ዓመት ግን አራት አሃዝ ነው፤ ወይ እኩል ነው ወይ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ይጀምርና እዚሁ ላይ ይቸገራል። ሁለት ዓመቶች ከመወዳደራቸው በፊት ሦስት ነገር መታወቅ አለበት፦ የምን ዓመት ነው? በማን አቆጣጠር ነው? የመዘገበው ሰውስ ምን ያህል እርግጠኛ ነበር?

(እዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንኳን ሳልለይ ብጽፍ መደናገር ይመጣልና፣ የውጭ ተቋማትን ስጠቅስ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። በእኛ ሲሆን «በእኛ» እላለሁ።)

የተደገመ መዝገብ ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ከስህተት ሳይሆን ከመጋራት። ቤተ መጻሕፍት እያንዳንዱን መጽሐፍ ከዜሮ አይመዘግቡም፤ ሌላው የሠራውን ይወስዳሉ። ኦሃዮ ያለው ኦሲኤልሲ የተባለ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1971 የጀመረው፣ ዛሬ ወርልድካት የምንለው የጋራ ካታሎግ የተገነባው በዚህ መንገድ ነው። ናይሮቢ ያለው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቢሮ ከኢትዮጵያ የሰበሰበውን መጽሐፍ ይመዘግባል። አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ያንኑ መጽሐፍ በራሱ ልማድ ይመዘግባል። ሁለቱም ወደ አንድ ቋት ይገባሉ። አንድ ቤተ መጻሕፍት አሮጌውን ሲስተም ትቶ ወደ አዲስ ሲዛወር ወይም ሁለት ኮሌጆች ሲዋሃዱም ያው ነው።

ዓመቱ የት ነው ያለው?

የቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚጻፍበት ቅርጽ ማርክ ይባላል። በ1960ዎቹ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሄንሪየት አቭራም መሪነት የተሠራ ነው፤ ስንት ቴክኖሎጂ አልፎ እሱ እስካሁን አለ። ማርክ ውስጥ የኅትመት ዓመት አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ሁለት ቦታ ይቀመጣል፣ አንዱ ለማሽን፣ ሌላው ለሰው።

የማሽኑ 008 የሚባል ፊልድ (የመዝገቡ አንድ ክፍል) ውስጥ ነው። ይሄ ፊልድ 40 ቦታዎች አሉት፤ አቆጣጠሩ ከ00 ይጀምራል። ከ00 እስከ 05 ያለው መዝገቡ የተፈጠረበት ቀን ነው። 850214 ካለ መዝገቡ የተሠራው ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1985 ነው፤ ከመጽሐፉ ኅትመት ጋር አይገናኝም። ቦታ 06 ላይ አንዲት ፊደል አለች። ከ07 እስከ 10 የመጀመሪያው ዓመት፣ ከ11 እስከ 14 ሁለተኛው ዓመት። ከዚያ የአገር ኮድ ይቀጥላል።

ያቺ 06 ላይ ያለች ፊደል ናት ዋናዋ፣ ብዙ የማጽጃ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ግን ዞር ብሎም አያያትም። ኤስ ከሆነች ዓመቱ አንድና የታወቀ ነው። ኪው ከሆነች ካታሎገሩ «ከዚህ እስከዚህ ባለው ውስጥ ነው፣ የቱ እንደሆነ አላውቅም» እያለ ነው። ቲ ከሆነች የመጀመሪያው የኅትመት ዓመት፣ ሁለተኛው የቅጂ መብት ዓመት ነው። አር ከሆነች የመጀመሪያው ዳግም የታተመበት፣ ሁለተኛው ድሮ መጀመሪያ የወጣበት ነው። ኤም ብዙውን ጊዜ ባለ ብዙ ቅጽ ሥራን ታመለክታለች፤ ሁለቱ ዓመቶች የመጀመሪያው ቅጽና የመጨረሻው ቅጽ የወጡባቸው ናቸው። ኤን ከሆነች ዓመቱ አይታወቅም።

አሁን አንድ ስክሪፕት «ከሁለቱ ዓመቶች አንዱ ከገጠመ ይበቃል» የሚል ደንብ ተሰጠው እንበል። ለቲ እሺ፣ ብዙም አይጎዳም። አር ላይ ሲደርስ ግን ጉድ ይፈላል። በ1995 ዳግም የታተመ፣ መጀመሪያ በ1972 የወጣ መጽሐፍ 008 ውስጥ 1995ና 1972ን ይይዛል። የ1972ቱ የራሱ መዝገብ ደግሞ ኤስ ብሎ 1972ን ብቻ ይይዛል። ሁለተኛው ዓመት ስለገጠመ ሁለቱ ይዋሃዳሉ። ካታሎገሩ «ይሄ ያ አይደለም» ለማለት ያስቀመጣት ዓመት «ይሄ ያ ነው» ለማለት ዋለች።

ለሰው የሚነበበው ዓመት ድሮ 260 የሚባል ፊልድ ውስጥ ነበር፣ አሁን ደግሞ 264 ውስጥ ነው። እዚህ ጽሑፍ ነው እንጂ ኮድ አይደለም። ቅንፍ ይገባል፣ የጥያቄ ምልክት ይገባል፣ «ወይም» ይገባል። ካሬ ቅንፍ ውስጥ ያለ ዓመት መጽሐፉ ላይ አልተገኘም፣ ካታሎገሩ ከሌላ ቦታ ወይም በግምት ያስገባው ነው። የጥያቄ ምልክት ካለበት ግምቱ ራሱ ይጠረጠራል። 264 ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ፊልዱ መጀመሪያ ላይ ካሉት ሁለት ጠቋሚ ቁጥሮች ሁለተኛዋ 1 ከሆነች ኅትመት፣ 2 ከሆነች ስርጭት፣ 3 ከሆነች የማተሚያ ቤቱ ሥራ፣ 4 ከሆነች የቅጂ መብት ነው። 260 ይህን ያህል አይለይም ነበር።

ሁለቱ ቦታዎች እርስ በርስ ሲጣሉስ? ያጋጥማል። 008 ላይ 1937፣ 260 ላይ 1973። ጣት ቦታ አቀያይሮ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ከሌላው ጋር ከመወዳደሩ በፊት መጀመሪያ ከራሱ ጋር ይታረቅ። ራሱን የሚቃረን መዝገብ ለብቻው ይቀመጥና ሰው ይየው፤ ማሽን እንዲፈርድበት አይሰጥ።

አንድ ዓመት ወዲህ፣ አንድ ዓመት ወዲያ

አሜሪካ ውስጥ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ለገበያ የሚወጣ መጽሐፍ የሚቀጥለውን ዓመት የቅጂ መብት መያዙ የተለመደ ነው። በኖቬምበር 2019 ሱቅ የገባ መጽሐፍ የርዕስ ገጹ ጀርባ ላይ ©2020 ይላል። አንዱ ካታሎገር 2019 ይጽፋል፣ ሌላው 2020። አንድ መጽሐፍ ነው።

ደንቡም ተቀይሯል። በድሮው የአንግሎ አሜሪካ የካታሎግ ደንብ የኅትመት ዓመት ከሌለ የቅጂ መብቱ ዓመት ቦታውን ይይዝ ነበር፤ ከፊቱ ሲ ፊደል ይደረግበትና በቃ። ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ማርች 31 ቀን 2013 አርዲኤ ወደሚባለው አዲስ የካታሎግ ደንብ ሲዛወር ሁለቱ ተለያዩ። አሁን «[1998]» ለብቻው ይጻፋል፣ «©1998» ደግሞ ለብቻው። ድሮ «በ1970ዎቹ ይመስላል» ለማለት ከ197 ቀጥሎ ሰረዝና የጥያቄ ምልክት ይደረግ ነበር፤ አሁን «[ከ1970 እስከ 1979 ባለው?]» ተብሎ ይዘረዘራል። መጽሐፉ ንቅንቅ አላለም፣ የአጻጻፉ ፋሽን ነው የተለወጠው። ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል የሚያወዳድር ፕሮግራም ግን ይህን በምን ያውቃል?

ስለዚህ ብዙ ሰው «የአንድ ዓመት ልዩነት ካለ እንለፈው» ይላል። ለልብ ወለድ፣ ለታሪክ መጽሐፍ፣ ለግጥም መድበል ደህና ነው። ግን በየዓመቱ የሚወጡ ነገሮች አሉ። የስታቲስቲክስ ጥራዝ፣ የመሥሪያ ቤት ዓመታዊ ሪፖርት፣ የጉባኤ ጥናቶች ስብስብ፣ የቱሪስት መመሪያ፣ የፈተና መለማመጃ። ርዕሳቸው አንድ፣ አሳታሚያቸው አንድ፣ ገጻቸው እንኳን ይቀራረባል። የሚለያቸው ዓመት ብቻ ነው። እዚህ ላይ የአንድ ዓመት ይቅርታ ካደረጋችሁ የአስር ዓመት ሪፖርት ተጨፍልቆ አንድ መዝገብ ይሆናል።

በማን አቆጣጠር?

ወደ ራሳችን እንምጣ። በእኛ 1965 የጀመረው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1972 ነው፣ ያለቀው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1973። ስለዚህ «1965 ዓ.ም.» የሚል መጽሐፍ ሌላ መረጃ ከሌለ 1972ም 1973ም ሊሆን ይችላል። ካታሎገሮች «[1972 ወይም 1973]» የሚሉት ለዚህ ነው፤ 008 ላይም ኪው ይሆናል። ግምት አይደለም፣ የልኩን መናገር ነው።

ወር ከታወቀ ግን ነገሩ ይቀላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ይደመራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ኅዳር 1965 ካለ 1972 ነው። ሚያዝያ 1965 ካለ 1973 ነው። ጥርጥር የለውም፣ ኪውም አያስፈልግም። ብዙ የአማርኛ መጽሐፍ የርዕስ ገጹ ጀርባ ላይ ወሩን ይጽፋል፣ የሚያነበው ነው የጠፋው። የመግቢያው ቀን ግን ሌላ ነው። ደራሲው መግቢያውን ኅዳር ላይ ጽፎ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ግንቦት ላይ ሊወጣ ይችላል፤ የመግቢያው ቀን የሚነግራችሁ «ከዚህ አይቀድምም» ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ልብ የማይባል ነገር አለ። ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ቀይረን እናወዳድር ስንል መረጃ እናጣለን። በእኛ 1964 ሲቀየር 1971 ወይም 1972 ይሆናል። 1965 ሲቀየር 1972 ወይም 1973። ሁለቱም ውስጥ 1972 አለ። ፕሮግራሙ «የጋራ ዓመት አላቸው» ብሎ ያስታርቃቸዋል፤ መጽሐፎቹ ላይ ግን ግልጽ ብሎ 1964ና 1965 ተጽፏል! ስለዚህ ሁለቱም መዝገቦች የመጀመሪያውን የእኛን ዓመት ይዘው ከሆነ የሚወዳደረው እሱ ነው። የተቀየረው የሚያስፈልገው አንዱ ብቻ በፈረንጅ ሲጻፍ ነው።

አቆጣጠሩ ያልተጻፈበት ባዶ «1965» ሲያጋጥምስ? የአገር ኮዱ ኢትዮጵያ፣ ቋንቋው አማርኛ ከሆነ በእኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አዲስ አበባ ታትሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ስለሚያትም ሁለቱንም ቀን ይሰጣችኋል፤ ምነው ሁሉም እንደሱ በሆነ። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ደግሞ እንደ ደራሲው ፍላጎት ነው፣ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ፣ አንዱ በሁለቱም።

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የአሳታሚው ዕድሜ ነው። ለምሳሌ አሳታሚው «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ» ሆኖ ዓመቱ 1969 ነው እንበል። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ስም የተቋቋመው በፈረንጅ 1961 ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተቀየረ፣ በፈረንጅ 1975 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በእኛ 1969 ማለት 1976 ወይም 1977 ነው። በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የሚያሳትም ማንም አልነበረም። ስለዚህ ይሄ 1969 በፈረንጅ ነው፣ አለቀ። በተመሳሳይ መንገድ «ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት» የሚል ካለበት መጽሐፉ ከደርግ ዘመን አይቀድምም።

ሌላው ምስክር ቅድም ከኅትመት ጋር አይገናኝም ያልኩት የ008 መጀመሪያ ነው። መዝገቡ በፈረንጅ 1997 የተፈጠረ ከሆነና የኅትመቱ ዓመት 1995 ካለ፣ ይሄ 1995 በእኛ ሊሆን አይችልም። በእኛ 1995 ማለት 2002 ወይም 2003 ነው፤ ያልታተመ መጽሐፍ ደግሞ አይመዘገብም። መዝገቡ የተፈጠረበት ቀን የኅትመቱን ዓመት አይነግራችሁም፣ ጣሪያውን ግን ይነግራችኋል። ይህን ፍተሻ ፕሮግራም ማድረግ ይችላል፣ ሰው አያስፈልገውም።

የግዕዝ ቁጥር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የርዕስ ገጹ ፲፱፻፷፭ ይላል፣ ካታሎገሩም እንዳለ ገልብጦታል። አራት የተደረደሩ አሃዞችን የሚፈልግ ስክሪፕት እዚህ ምንም አያገኝም። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ በቦታ ዋጋም አይሠራም፤ አስርና ዘጠኝ በመቶ ተባዝቶ፣ ስልሳና አምስት ተደምሮበት ነው 1965 የሚሆነው። ዩኒኮድም (ኮምፒውተር ፊደላትን የሚለይበት ደረጃ) ከተለመዱት የአሥር ቤት አሃዞች ጋር አልመደባቸውም፣ ስለዚህ «አሃዝ ፈልግ» የተባለ ብዙ ፕሮግራም ዘሏቸው ይሄዳል። ውጤቱ «ዓመት የለውም» ይሆናል፤ ዓመቱ ግን ፊት ለፊት ተጽፏል። ቀድሞ የሚቀይር አጭር ኮድ መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ አይሞላም። አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ደግሞ ዓመተ ዓለም ይጠቀማል፤ 7465 ካያችሁ አትደንግጡ፣ 5500 ቀንሱለት፣ 1965 ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እስራኤል የታተመ መጽሐፍ 5733 ሊል ይችላል፣ ከ1972 መጸው እስከ 1973 መጸው ማለት ነው። ካይሮ ወይም ጅዳ የታተመ 1392 ይላል፤ የሂጅራ ዓመት ስለሆነ ከፌብሩዋሪ 1972 እስከ ፌብሩዋሪ 1973 ይሄዳል። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ በአስራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚያጥር «ይህን ያህል ደምር» የሚል ቋሚ ቁጥር የለውም፣ ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል። የእኛ በዚህ በኩል ገር ነው።

መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ አይደለም

ዓመት ሲመሳከር አራት መልስ ሊኖር ይገባል። እኩል ነው፣ ይስማማል፣ ይቃረናል፣ ዝም ብሏል። 1973 ከ1973 ጋር እኩል ነው። 1973 ከ«1972 ወይም 1973» ጋር ይስማማል፣ እኩል ግን አይደለም። 1973 ከ1991 ጋር ይቃረናል። ዓመት የሌለው መዝገብ ደግሞ ዝም ብሏል፤ ዝምታው እንደ መስማማትም እንደ መቃረንም አይቆጠርም። ያን ጊዜ ገጹ፣ አሳታሚው፣ አይኤስቢኤኑ (የመጽሐፉ መለያ ቁጥር) ይመስክሩ። አይኤስቢኤን ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው በ1970 ስለሆነና እኛም ጋ የመጣው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ለቆየ የአማርኛ መጽሐፍ ከሱ ብዙ አትጠብቁ።

«ይስማማል» የሚለው መልስ ግን ወጥመድ አለው። 008 ላይ ያልታወቀ አሃዝ ዩ በምትባል ፊደል ይተካል፤ 197ዩ ማለት በ1970ዎቹ ውስጥ አንዱ ዓመት ነው። አንድ መዝገብ 1972፣ ሌላው 197ዩ፣ ሦስተኛው 1978 ይላል እንበል። 1972 ከ197ዩ ጋር ይስማማል። 197ዩም ከ1978 ጋር ይስማማል። 1972ና 1978 ግን ይቃረናሉ። ጥንድ ጥንድ እያደረገ የሚያዋህድ ፕሮግራም መጀመሪያ ሁለቱን ያጣብቃል፣ ከዚያ ሦስተኛውን ይጎትታል፣ መጨረሻ ላይ የማይገናኙ ሁለት እትሞች በአንድ ደብዛዛ መዝገብ ድልድይነት ይጋባሉ። የአንድ ዓመት ይቅርታም እንደዚሁ ነው፤ 1972 ከ1973፣ 1973 ከ1974 እያለ ሰንሰለቱ ይረዝማል። መፍትሔው ቡድኑ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መዝገብ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር እንዲስማማ ማስገደድ ነው። አንድ ተቃርኖ ካለ ቡድኑ ለሰው ዓይን ይቅረብ። ደብዛዛውን መዝገብ ከየትኛው ጋር እንደምታደርጉት ካላወቃችሁ ተዉት፣ ባለበት ይቆይ።

«ተዉት» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይከብዱም። የተደገመ መዝገብ ሳይዋሃድ ቢቀር ተጠቃሚው አንድ መጽሐፍ ሁለት ቦታ ያያል፤ ያናድዳል፣ ግን መጽሐፉን ያገኛል። ነገም ማዋሃድ ይቻላል። በስህተት የተዋሃዱ ሁለት እትሞችን መለየት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ቅጂዎቹ ሁሉ ወደ አንድ መዝገብ ተዛውረዋል፣ የተሰረዘው መዝገብ የያዘው መረጃ ጠፍቷል፣ የትኛው ቅጂ የየትኛው እትም እንደነበር ለማወቅ መደርደሪያው ጋ ሄዶ መጽሐፉን ገልጦ ማየት ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ቢጠረጠር ይቅር።

ዓመት ተለያየ ማለት ደግሞ ሁልጊዜ መጽሐፉ ተለያየ ማለት አይደለም። የካታሎግ ደንቡ ራሱ ጽሑፉ ሳይለወጥ እንደገና ለታተመ ሁሉ አዲስ መዝገብ አይጠይቅም። እኛ ጋ «ሁለተኛ እትም» ተብሎ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ያው ጽሑፍ ያው ገጽ ነው፤ ሽፋኑና ዋጋው ብቻ ነው የሚለወጠው። ቢሆንም መዝገቡ ላይ «ሁለተኛ እትም» የሚል ቃል ካለ ማሽን በራሱ እንዳያዋህድ አድርጉ። መጽሐፉን ያላየ ሰው ያው ነው ብሎ መፍረድ አይችልም።

እጅ ላይ ባለው መሣሪያ

ኮሃ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ የማመሳከሪያ ደንብ ማዘጋጃ አለው። የምትፈልጓቸውን ፊልዶች ትመርጣላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ትሰጣላችሁ፣ ነጥቡ ከወሰናችሁት በላይ ሲሆን «ተመሳሳይ ነው» ይላል። ዓመትን እዚህ ውስጥ በጥሬው አታስገቡት። ኮሃ የሚያወዳድረው ጽሑፍን ነው፤ «1965» እና «[1972 ወይም 1973]» ለሱ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ይልቅ መዝገቦቹን ወደ ውጭ አውጡና በማርክኤዲት ወይም በኦፕንሪፋይን (መረጃ ማረሚያና ማጽጃ ፕሮግራሞች ናቸው) የራሳችሁን ዓምዶች ሥሩ፦ የመጀመሪያው ዓመት በተጻፈበት አቆጣጠር፣ በፈረንጅ ከስንት፣ በፈረንጅ እስከ ስንት፣ የ06 ፊደል፣ የመዝገቡ መፈጠሪያ ቀን። ውድድሩ በእነዚህ ላይ ይሁን። አማርኛና የአገር ኮዱ ኢትዮጵያ ሆኖ ልዩነቱ ልክ ሰባት ወይም ስምንት የሆነውን ሁሉ ለብቻው አውጡት። ያ ክምር ውስጥ ያለው አብዛኛው የአቆጣጠር ጉዳይ ነው፤ አንድ የሚያውቅ ሰው ሻይ እየጠጣ ይጨርሰዋል።

ስታዋህዱ የሚተርፈው መዝገብ የቱ ይሁን? ርዝመቱን አትዩ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ የያዘውና ፈረንጁንም ያስቀመጠው ይትረፍ። እንዲህ ያለ ከሌለ ከሁለቱም ሰብስባችሁ ሥሩት፤ 264 ላይ «1965 [1972 ወይም 1973]»፣ 008 ላይ ኪውና ሁለቱ ዓመቶች። ወሩ ከተገኘ ኪውን ወደ ኤስ ቀይሩ፣ አንዱን ዓመት ብቻ አስቀሩ። የሚሰረዙትን መዝገቦች ደግሞ ከመሰረዛቸው በፊት በፋይል አስቀምጡ፤ አንድ ሺህ የማርክ መዝገብ ዛሬ ከአንድ የስልክ ፎቶ አይበልጥም።

ባለ ብዙ ቅጽ ሥራዎችን፣ መጽሔቶችንና ዓመታዊ ጥራዞችን ገና ከመጀመሪያው ከክምሩ አስወጡ። የአራት ቅጽ ሥራ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ጋ በአንድ መዝገብ ከ1968 እስከ 1975 ተብሎ ይመዘገባል፤ ሌላው ለእያንዳንዱ ቅጽ ለብቻው መዝገብ ይከፍታል። የቅጽ ሦስት መዝገብ 1973 ይላል፣ ከጠቅላላው መዝገብ ጋር «ይስማማል»፣ ግን ድግግሞሽ አይደለም፤ አንዱ የሙሉው፣ አንዱ የክፍሉ ነው። ለእነዚህ ዓመት ከማየት በፊት የቅጽ ቁጥሩ ይታይ፤ ቁጥሩ ከሌለ ለነገ ይደር።